የራስ ድምፅ

ሴትዮዋ ስትሳደብ የተሰማችው ፒልጃ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ የአኩሪ አተር ቡቃያ ስትቀነጥስ ነው። ድምፅዋ ሻካራ፣ አነጋገሯ የገበያ ነው። «ይሄም ሾርባ ተብሎ ተጣደ» አለች ሴትዮዋ፤ «የዕቃ እጣቢ ይሻላል። እጇ ላይ እኮ ምንም አይበረክት! ጨው ሲሏት ውሃ፣ ልጅ ሲሏት ደም።» ፒልጃ ቡቃያውን እንደያዘች ቀና አለች። እንዲህ ያለ ክፉ አፍ በሰው ቤት ምን ይሠራል? ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ልጇ ዶንግሱም ሚስቱ ናሬም በጠዋት ወደየሥራቸው ወጥተዋል። ከጎረቤት ይሆናል ብላ ተነሥታ በሩን ከፈተች። የዘጠነኛው ፎቅ ኮሪደር ጭር ብሏል፤ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ብስክሌትና የባዶ ካርቶን ክምር ብቻ ነው ያለው። ተመልሳ ናሬ ጠዋት ሠርታ የሄደችውን ሾርባ ገለጥ አድርጋ በማንኪያ ቀመሰች። «እናቷ ቤት ጨው የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም መሰለኝ» አለች ሴትዮዋ፣ አሁን ደግሞ ከፒልጃ አፍንጫ ሥር። ፒልጃ ማንኪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የተንቀሳቀሰው የራሷ አገጭ ነበር።

ላለማመን ሞከረች። መስኮቱን ልክፈተው ብላ በልቧ አሰበች፤ ሻካራው ድምፅ «መስኮቱን ልክፈተው» አለ። መዳፏን አፏ ላይ ጫነች፤ ቤቱ ዝም አለ። መዳፏን አነሣች። አሁን ምን ሊውጠኝ ነው ብላ አሰበች፤ «አሁን ምን ሊውጠኝ ነው» አለ ድምፁ፣ ግልጽ ብሎ፣ ሳሎን ድረስ በሚሰማ መጠን።

ናሬ የገዛችላትን አዲስ የጆሮ መስሚያ ካደረገች ሳምንት አልሞላትም። የድሮው መስሚያዋ መሳቢያ ውስጥ የሚኖር፣ ቢያደርጉት ሁሉንም ነገር አንድ ላይ የሚያስጮህ፣ የሳህኑን ኳኳታም የሰውንም ንግግር አደበላልቆ ራስ የሚያዞር ነበር። ይሄኛው ሌላ ነው። ከጆሮዋ ጀርባ ሸሸግ ብሎ የሚቀመጥ፣ ከሩቅ የማይታይ ነገር ሆኖ፣ ውስጡ ያለችው ኮምፒውተር ንግግሩን ከጫጫታው ለይታ ታመጣላታለች። ባለፉት ቀናት ፒልጃ እንደ ልጅ ነበር የተደሰተችው፤ ማቀዝቀዣው እንደሚያንጎራጉር፣ ነጠላ ጫማዋ ወለሉ ላይ እንደሚንሸራተት፣ ሩዝ ማብሰያው በሴት ድምፅ «ሩዙ በስሏል» እንደሚል ያወቀችው ገና አሁን ነው። ሌላ ሌላውን ስትሰማ ራሷን ለመስማት ፋታ አላገኘችም ነበር። ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ የሚሰማ ነገር ሁሉ አልቆ፣ እሷ ብቻ የቀረችው ዛሬ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ገባት። በልጅነቷ፣ የቡሳን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ጫማ በምትሰፋበት ዘመን፣ ሳሳንግ ሠፈር ባለ ፋብሪካ ሶል መጫኛ ማሽን ላይ ነበረች። ማሽኖቹ ሲነሡ ሰው የራሱን ሳል አይሰማም። ልጃገረዶቹ ፎርማኑ በጀርባቸው ሲያልፍ ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ ከንፈራቸውን እምብዛም ሳያላውሱ ያሻቸውን ይሰድቡት ነበር፤ «አሳማ»፣ «የእናትህ ዕዳ»፣ «ሚስትህ ትክዳህ»። እሱም ጎበዞች እያለ ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል። ያ ጫጫታ ጆሮዋን በላው፤ ልማዱ ግን ቀረ። ባሏ በሕይወት ሳለ እሱም እንደሷ የፋብሪካ ሰው፣ እንደሷ ደንቆሮ ስለነበር ማንም አልነገራት። እሱ ሞቶ ልጇ ቤት ከገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስድስት ዓመት ሙሉ በልቧ የምታስበው መስሏት አውርታለች።

ከዚያ በኋላ ቡቃያ መቀንጠስ አልቻለችም። ያሰበችው ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ መጣ፣ አሁን ግን ድምፅ እየለበሰ። ናሬ ዕቃ ስታጥብ ሁልጊዜ ቧንቧውን እስከ ጥጉ ከፍታ ነው፤ ፒልጃ ውሃው እንዲያ ሲፈስ እያየች ስለ አባካኝነቷ ብዙ ብላለች። ውሃው ለምን እንደሚለቀቅ አሁን ተረዳች። ከሁሉም የከበዳት ግን የሾርባው ነገር ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ናሬ ፅንሱ ወርዶባት ከሆስፒታል ስትመለስ ፒልጃ ከልቧ አዝና፣ ገበያ ወርዳ ጥሩ የባሕር ቅጠል መርጣ፣ ለወላድ የሚሠራውን ሾርባ ሠርታላት ነበር። ወላድ ባትሆንም ደም የፈሰሳት ሴት ናት፣ ትጠገን ብላ። ናሬ ሳህኑን አየችው፣ ተነሥታ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ሾርባው እንደቀረበ ቀዘቀዘ። ፒልጃ ያንን ቂም እስከ ዛሬ ይዛዋለች። አሁን ሳህኑን ስታስቀምጥ በሆዷ ያለችውን አስታወሰች። «ልጅ ለሌላት የልጅ ሾርባ፤ ቅጠሉም ባከነ» ነበር ያለችው። አላለቀሰችም። የተሰማት ሐዘን አልነበረም፤ ልብሷን ሳትለብስ አደባባይ ቆማ ኖራ ዛሬ ድንገት እንደነገሯት ያለ ነገር ነው።

እኩለ ቀን ላይ ናሬ መጣች። የጥቂት ሰዓት ፈቃድ ወስዳ ነው፤ መስሚያው የሚስተካከልበት ቀጠሮ ነበር። «ተዘጋጅተዋል እማማ?» አለች በሩ ላይ ሆና፣ እንደተለመደው ቃላቱን በከንፈሯ እየሳለች። ፒልጃ ራሷን ነቀነቀች። ናሬ እንደ ሁልጊዜው በደረጃ ወረደች፣ ፒልጃ በሊፍት፤ ታች ተገናኙ። ሜትሮው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፒልጃ ከንፈሮቿን ገጥማ፣ ምላሷን በጥርሶቿ ይዛ፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ሄደች። ከፊታቸው ሁለት ተማሪዎች አንድ መምህራቸውን ያሙ ነበር፤ በባቡሩ ጩኸት መሀል እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ደረሳት። ሰው ለካ ይህን ያህል ይሰማል! ናሬን በጎን አየቻት። አርባ ያልሞላት ሴት ናት፤ ዐይኖቿ ሥር ግን ጠቁሯል። አንድ ነገር ልበላት አለች፤ ከዚያ ልቤ ውስጥ ያለው ከቃሉ ጋር ተያይዞ ቢወጣስ ብላ ፈራች፤ ተወችው።

የመስሚያው ማዕከል ሶምዮን ሠፈር፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነው። ባለሙያዋ ነጭ ካፖርት የደረበች፣ ፈገግታዋ የማይነጥፍ ወጣት ናት። መስሚያውን ከጆሮዋ ሳታወጣ፣ በኮምፒውተሯ ብቻ፣ ፒልጃ በሳምንቱ የት የት እንደዋለች፣ ስንት ሰዓት ዝምታ፣ ስንት ሰዓት ወሬ እንደነበር አየችው። «ጎበዝ እናት፤ አንድም ቀን አላወለቁትም» አለች። «ጫጫታ ውስጥ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ባቡር ውስጥ የሰው ሐሜት ሰማሁ።»

ባለሙያዋ ሳቀች። «ተሳካልን በሉኛ! የራስዎ ድምፅስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ይጨነቃል፤ በርሜል ውስጥ ገብቼ የማወራ ይመስለኛል ይላሉ።»

ናሬ ከበስተኋላ፣ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ስልኳን ትነካካለች።

«የዚህ አዲሱ ጥሩነቱ ምን መሰለዎት» ቀጠለች ባለሙያዋ፣ «የእርስዎን ድምፅ ከሌላው ለይቶ ያውቃል። አንዴ ካስለመድነው የእርስዎን ብቻ ለስለስ፣ ዝቅ ያደርገዋል፤ የሌላውን ሰው አይነካም። ለማስለመድ ግን ትንሽ ማውራት ይኖርብዎታል። ምንም ይሁን፤ ልክ ቤት ውስጥ እንደሚያወሩት።»

«ቤት ውስጥ እንደሚያወሩት ባይሆን ይሻላል» አለች ናሬ።

በጣም ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ዐይኗን ከስልኳ ሳታነሣ፣ ስድስት ዓመት እንደለመደችው፣ ከጀርባ። ፒልጃ ዞረች። ናሬ ቀና ስትል ዐይን ለዐይን ተጋጩ፤ ያኔ የት እንዳሉና አሮጊቷ ጆሮ ላይ ምን እንዳለ ትዝ አላትና ከአንገቷ ጀምሮ ቀላች። ባለሙያዋ ቀልድ መስሏት በጨዋነት ፈገግ ብላ ጠበቀች። ፒልጃ ምን ታውራ? አፏን ብትከፍት የሚወጣውን አላመነችውም። መጨረሻ ላይ የሜትሮ ጣቢያዎቹን መጥራት ጀመረች፤ ሳሳንግ፣ ጋምጆን፣ ጁሬ፣ ኔንግጆንግ፣ ጌጉም… ሻካራው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እንዲህ ነው ለካ የሚሰማው! የሚያዝዝ፣ የሚጨቀጭቅ፣ ጣቢያ ሲጠራ እንኳ የሚቆጣ ድምፅ።

«በቃ፣ አወቀዎት» አለች ባለሙያዋ። «አሁን ዝቅ ላድርግልዎት?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አዎ ብትል ያቺ ሴትዮ ከወጥ ቤቱ ትወጣለች፤ ፒልጃ የማቀዝቀዣውን፣ የሩዝ ማብሰያውን፣ የሰውን ሁሉ እየሰማች ራሷን ሳትሰማ በሰላም ትኖራለች። ናሬ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች።

«አይነካ» አለች ፒልጃ።

«ይረብሽዎታል እኮ፣ እናቴ።»

«ይረብሸኝ።»

ሲወጡ እስከ ጣቢያው መግቢያ ድረስ አብረው ሄዱ። ናሬ ወደ ሥራዋ የምትመለሰው በሌላው መስመር ነው። መግቢያው ላይ ቆም ብላ የትራንስፖርት ካርዷን ከቦርሳዋ ስትፈልግ ቆየች፤ ካርዱ እጇ ላይ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሰሙት?» አለች።

«ዛሬ ጠዋት።»

«እ» አለች ናሬ። «የጠዋቱ ሾርባ ጨው አንሶት ነበር፤ አውቃለሁ። ቸኩዬ ነው።» ከዚያም ሰው መሀል ገብታ ጠፋች። ፒልጃ ከዚህ ይልቅ ቢሰድቧት በመረጠች።

ቤት መግባት አላሰኛትም፤ ምድር ቤት ወዳለው ወደ አረጋውያኑ ማረፊያ ጎራ አለች። ሴቶቹ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ ዘርግተው ካርታ ይጫወታሉ፤ ክፍሉ ሞቅ ብሎ የተላጠ መንደሪን ይሸታል። ማልሲም፣ የካርታ ጓደኛዋ፣ በሩ ሲከፈት ሳትዞር «የኛ ሬዲዮ መጣች፣ ዜና ልንሰማ ነው» አለችና ካርታዋን መታች። ሌሎቹ ሳቁ። ፒልጃ ጫማዋን እያወለቀች «ማን ነው ሬዲዮ?» አለች።

ሳቁ ቆመ። ማልሲም ዞራ አየቻት፣ ከዚያ ጆሮዋን አየች። «ውይ! ያ ነገር በእውነት ይሠራል እንዴ?»

«ይሠራል። ማን ነው ሬዲዮ?»

«ቀልድ ነው እባክሽ፣ ነይ ተቀመጪ፤ መንደሪን ብይ።»

«ማልሲም፣ እዚህም፣ ሊፍት ውስጥም አወራለሁ?»

ማልሲም በዐይኗ ከሌሎቹ እርዳታ ፈለገች፤ ሁሉም ካርታቸውን ያዩ ጀመር። «አንቺ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «ከታች ገብተሽ ዘጠነኛ ፎቅ እስክትደርሺ ዜናሽን ጨርሰሽ የአየር ጠባዩን ትጀምሪያለሽ።»

«ምን ዜና?»

«ምን አለ የማትይው! የዶንግሱን ደመወዝ፣ የምራትሽን ምግብ… እንግዲህ ያንን የሆስፒታሉንም ነገር።»

«የልጁን?»

«አዎ።»

«ሕንፃው በሙሉ ያውቃል?»

«ሕንፃው በሙሉ እንኳን አይባልም፤ አንደኛ ፎቅ ያሉት ሊፍት አይጠቀሙም።» አንዷ ሳቋ አመለጣትና በእጇ አፈነችው። ፒልጃ ሳትቀመጥ ቆማ «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። ማልሲም የካርታውን ጠርዝ በጥፍሯ ስትፍቅ ቆየች። «ምን ብለን? ለማይሰማ ሰው ጮኸን ‹አትጩሂ› እንበል? ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ፣ «እንወደው ነበር። ቀኑ ይረዝምብናል። አንቺ ስትመጪ ያሳጥረው ነበር።» ይህን ብላ እሷም አፈረች። ማንም ከዚያ በኋላ ካርታ አላነሣም። አንዲቱ መንደሪን ልጣ ለፒልጃ ዘረጋችላት፤ ፒልጃ ተቀብላ፣ ሳትበላው፣ ጫማዋን መልሳ አጠለቀች።

ሊፍቱ በር ላይ የአራተኛ ፎቅ ጎረቤት ቆሞ ነበር። እጅ ነሣት፣ እሷም ነሣችው፤ ከዚያ ወደ ደረጃው ዞረች። ናሬ ለምን በደረጃ እንደምትወጣ ሁልጊዜ ይገርማት ነበር፤ ለወገቧ ነው፣ ዓለሟን እያየች ነው ብላ ነበር፤ ምናልባትም ያንን ራሱን ሊፍት ውስጥ ሆና ተናግራዋለች። ሐዘኗን የሚያውቁትን ሰዎች ፊት ላለማየት ይህን ሁሉ ደረጃ በየቀኑ፣ የገበያ ዕቃ ተሸክማ! ሲደክማት መወጣጫው ላይ ተቀመጠች፤ እንደገና ተነሣች፤ እንደገና ተቀመጠች። ከላይ ከታች የሰው በር ሲከፈት ትሰማለች፤ እንዳያገኟት እየሰጋች ትቆማለች። ቤቷ ስትገባ እጇ ውስጥ ያለው መንደሪን ተጨፍልቆ ነበር።

ማታ ሦስቱም ገበታ ላይ ተቀመጡ። ቡቃያው፣ በበርበሬ የተብላላው የጎመን ኪምቺ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የጠዋቱ ሾርባ። ዶንግሱ ክራቫቱን አላልቶ «ታዲያስ እማዬ፣ ተስተካከለልሽ?» ብሎ ጮኸ፣ ሰፈር እንደሚጣራ።

«አትጩህብኝ፤ እሰማለሁ።»

«ረሳሁት» አለ ሳቅ ብሎ፣ ዓሣውን ወደሷ እየገፋ። ፒልጃ ማንኪያዋን አላነሣችም። ጉልበቷ ላይ ያሉትን እጆቿን እያየች «ናሬ» አለች። «ልጄ። ያን ዕለት ሾርባውን ሳቀርብልሽ ያልኩትን አስታወስኩት። ልቤ ውስጥ ያልኩት መስሎኝ ነበር። ለነገሩ ልቤ ውስጥ መኖሩስ ቢሆን! ሊፍት ውስጥ ያወራሁትንም ዛሬ ነገሩኝ። ይቅርታ የምልበት አፍ የለኝም፤ ያው አፍ ነውና። ግን…»

«እማዬ» አለ ዶንግሱ፣ ዓሣውን እየፈለፈለ፣ «ምን አመጣው አሁን፤ ያረጀ ነገር ነው። ናሬ ድሮ ረስታዋለች።»

«አልረሳሁትም» አለች ናሬ።

«እሺ፣ ማለቴ…»

«አንተ ዝም በል» አለች ፒልጃ። «ስድስት ዓመት ዝም ማለት ከቻልክ ዛሬም አያቅትህም። እኔ ደንቆሮ ነበርኩ፤ አንተ ምን ነበርክ?»

«አንቺን ማሳፈር አልፈለግኩም።»

«እሷንስ?»

ዶንግሱ አንገቱን ደፋ። ጆሮዎቹ ቀሉ፤ ሩዙን በማንኪያ ወዲያና ወዲህ ያንከባልል ጀመር፣ እንደተቆጡት ተማሪ። ናሬ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እኔም አለኝ» አለች። «መስሚያውን ስገዛልዎት መሥሪያ ቤት ጨዋ ምራት እያሉ አሞገሱኝ፤ ጎረቤቱም እንደዚያው። ለእርስዎ አዝኜ አይደለም የገዛሁት፣ እማማ። ባለሙያዋን የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው፤ ‹የራሷን ድምፅ ትሰማለች?› አልኳት። አዎ፣ ጥርት አድርጋ ስትለኝ ነው የባንክ ካርዴን ያወጣሁት። አንድ ቀን ራሷን ሰምታ መግቢያ ትጣ ብዬ ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «ያን ቀን ፊትዎን ሳይ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ዛሬ አየሁት። እንደዚያ አልሆነልኝም። ቢሮ ስመለስ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ራሴን ጠላሁት።»

ፒልጃ የሚገባኝ ነው ልትል ነበር፤ ያም ቃል ስለ ራሷ መሆኑን ዐወቀችና ተወችው። ምን እንደሚባል አታውቅም፤ ዕድሜ ልኳን ስታወራ ኖራ ለዚህ የሚሆን አንድም ቃል አልነበራትም። ስለዚህ ማንም ጠይቆ የማያውቀውን፣ እሷም መጠየቅ ሲገባት ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«ሴት ነበረች?»

«ሴት ነበረች።»

«ስም አውጥተሽላት ነበር?»

ዶንግሱ ቀና አለ። «ስም እኮ ገና አልመረጥንም ነበር» አለ፣ ለእናቱ ሲያስረዳ።

ናሬ አላየችውም። ገበታው ላይ ጎንበስ ብላ፣ የሾርባ ሳህኗን ጠርዝ በጣቷ እየዳሰሰች ቆየች። «ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ነው» አለች። «ለማንም አልተናገርኩም።» ከዚያም ስሙን ተናገረችው፤ ከንፈሯ እምብዛም ሳይላወስ፣ ከትንፋሽ በላይ በማይሆን ድምፅ።

«ምን አልሽ?» አለ ዶንግሱ፣ ከጎኗ ተቀምጦ። «አልሰማሁሽም።»

ፒልጃ ሰምታዋለች፤ ሁለቱንም ፊደል፣ በመሀሉ የነበረውን እረፍት ሳይቀር። ልጇ ወደ እሷ ዞሮ በዐይኑ ጠየቃት። አልደገመችለትም። ናሬን አይታ ራሷን አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ነቀነቀች፤ ናሬም የመጀመሪያዋን ማንኪያ ሾርባ አነሣች።